ጅራታሙ ኮከብና ሁለቱ ነጥቦች

ዘርፉ ሐዲስ የሁሩታ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍልን እንደ ጨረሰች ናዝሬት አክስቷ ዘንድ መጣች፤ በአቶ ሰንበታ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ፊልም ማጠብ ተማረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ ጨለማ ክፍል አልወጣችም ማለት ይቻላል። ባሏ ገርባ ደግሞ የፊዚክስ መምህር ነው። ኩየራ ትምህርት ቤት ይማር በነበረበት ጊዜ የሰማይ ፍቅር ያዘው፤ ከዚያ በኋላ ማምሻውን አንገቱን ወደ ሰማይ ሳያቀና የገባበት ቀን የለም።

በ1978 ዓ.ም. ሚያዝያ መግቢያ ላይ፣ በሰባ ስድስት ዓመት አንዴ ብቅ የሚለው ጅራታም ኮከብ በደቡብ በኩል ታየ። ገርባ የአቶ ሰንበታን አሮጌ ካሜራ ተዋሰ። ሌንሱንና ፊልሙን የሚያገናኘው እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ቆዳ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ አቆመውና ሌንሱን ለአራት ደቂቃ ከፍቶ ተወው። ከጎኑ የአከራያቸው በረንዳ አምፖል ይበራል።

ዘርፉ ፊልሙን አጥባ አተመችው። ጅራታሙ ኮከብ እንደ ጭስ ፈዞ ይታያል። ሰማዩ ስለሚዞር ሌሎቹ ኮከቦች አጫጭር መስመር ሆነዋል። ከታች ግን ሁለት ክብ ነጥቦች ደምቀው ቆመዋል። አቶ ሰንበታ ፎቶውን በኩራት የፎቶ ቤቱ መስኮት መስተዋት ላይ ለጠፉት።

በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ንዋይ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ፎቶ ቤቱ ገባ።

«ይህን ያነሳው ማነው?»

«ባለቤቴ ነው። ጅራታሙ ኮከብ ነው» አለች ዘርፉ።

«እሱስ ይሁን። እነዚህ ሁለቱ ምንድን ናቸው? ኮከቦቹ ሁሉ ተስበዋል፤ እነዚህ ቆመዋል። የቆመ መብራት የምድር መብራት ነው። በዚያ አቅጣጫ ደግሞ የጦር ካምፕ አለ።»

ገርባን ከሰዓት በኋላ ከክፍል አስወጥተው ወሰዱት።

ዘርፉ ቀበሌው እስር ቤት ስንቅ አድርሳለት ስትመለስ ያሳሰባት የሊቀመንበሩ ክፋት አልነበረም፤ ሰውየው ግማሹን ልክ ብሏል። ነጥቦቹ ኮከብ አይደሉም። ታዲያ ምንድን ናቸው? ካሜራውን ጨለማ ክፍል ይዛ ገባችና በውስጡ የእጅ ባትሪ አበራች። ቆዳው ከታጠፈበት ላይ ሁለት የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብርሃን ወጣ። የአከራያቸው የበረንዳ አምፖል ትዝ አላት።

በማግስቱ ቀበሌ ሄደች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ብርሃኑ ከሰማይም ከካምፕም አልመጣም። ካሜራው ተበስቷል፤ የበረንዳው አምፖል ነው የገባው።»

«አንቺ ራስሽ በስተሽው ቢሆንስ?»

«በስቼ ነጥቦቹን በትክክል እዚያው ቦታ ላይ ማሳረፍ አልችልም። ማታ ግቢያችን ይምጡና ሌንሱን በራስዎ እጅ ይሸፍኑት። ሰማይ ሳይገባ ነጥቦቹ ከመጡ ይፍረዱ።»

ጓድ ንዋይ መጣ። የበረንዳው አምፖል በርቶ ካሜራው በመጀመሪያው ቦታ ቆመ፤ ቦታውን የመቆሚያው እግሮች መሬቱ ላይ ትተውት ከሄዱት ምልክት አገኙት። ሊቀመንበሩ የሌንሱን ክዳን ገጠመ፤ አላምን ብሎም መሐረቡን በላዩ አሰረበት። አራቱን ደቂቃ የቆጠረው በራሱ ሰዓት ነው። ከዚያ ፎቶ ቤት ሄደው ፊልሙ እስኪታጠብ ድረስ ጨለማው ውስጥ አጠገቧ ቆመ። መተንፈሱ ይሰማታል።

መብራቱ ሲበራ ፊልሙ ባዶ ነበር፤ ብርሃን ፊልም ላይ ጥቁር ሆኖ ስለሚወጣ፣ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ብቻ አሉበት። ዘርፉ በመጀመሪያው ፊልም ላይ ደረበችው። ነጥብ በነጥብ ላይ ተቀመጠ።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አየ። «ሰማዩን እኔው ነኝ የሸፈንኩት» አለ።

«አዎ፣ ጓድ።»

«ነገ ጠዋት ነይና ሰውሽን ውሰጂ። ያንን ካሜራም አስጠግኑት፤ ሰው ያስፈጃል።»

ገርባ ሲወጣ ጢሙ አድጎ፣ ጫማውን ያለ ማሰሪያ እየጎተተ ነበር። ዘርፉ ልትናገር አፏን ከፈተችና ሳቅ መጣባት፤ ሳቁን ማቆም አቃታት። እሱም የሚያስቀውን ሳያውቅ አብሯት ሳቀ። ቤት ሲደርሱ የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«ሌንሱ ተሸፍኖ የተነሳውን ፊልም ጥቁሩን ወደ ነጭ ገልብጠን ከዋናው ጋር ብንደርበውስ?» አለ፣ ገና አፉ ውስጥ ጉርሻ እያለ። «አንዱ የጠቆረበት ላይ ሌላው ይነጣል። ነጥቦቹ ይጠፋሉ።»

«መጀመሪያ ብላ» አለችው።

በሁለተኛው ቀን ሞከረችው። የባዶውን ፊልም ግልባጭ በሌላ ፊልም ላይ አወጣች፤ ሁለቱን አጣብቃ ስታትም ነጥቦቹ የሉም። ጅራታሙ ኮከብ ብቻውን ቀረ፤ በፊት ያልታየ የጅራቱ ጫፍ እንኳ ከነጥቦቹ ሥር ወጣ። አቶ ሰንበታ ይህኛውን መስተዋት ላይ ለመለጠፍ አልደፈሩም፤ መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ቅዳሜ ባልና ሚስት በአውቶቡስ ወደ ሁሩታ ሄዱ፤ የመታሰሩ ወሬ ቀድሞ ደርሶ የዘርፉ እናት እህል አልቀምስ ብለው ነበር። ገርባ ገና ከከተማ ሳይወጡ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ጭንቅላቱን በመዳፏ እየደገፈች፣ ማሳው በመስኮቱ ሲያልፍ እያየች ሄደች።