የለሚ ጭረቶች

ባለፈው ሳምንት ሰበታ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ታክሲ ስጠብቅ የነጭ ጋዝና የረጠበ ዝገት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ግድግዳውን ተደገፍኩ። የጋራዡ ሠራተኞች ያመመኝ መስሏቸው ወንበር አመጡልኝ፤ እኔም ዕድሜዬን ሰበብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

በንጉሡ ዘመን፣ ገና የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ እዚያው ሰበታ ጓሮዬ ውስጥ በቆርቆሮ የከደንኳት የብረት ሥራ ክፍል ነበረችኝ። ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ የተጂ መንገድ ገበሬ ጭድ ማከማቻቸው ውስጥ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የብረት መፋቂያ ማሽን እንዳለ ሰምቼ ሄድኩ፤ ዛሬ ሚሊንግ የሚሉት ዓይነት። ዶሮ ሰፍሮበታል። ልጃቸው ለሚ በዚያ ማሽን ይሠራ ነበር፤ ጣሊያኖቹ ሲወጡ ልጁን በመኪና ጭነው ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። ኦቦ ቶሎሳ ግን ልቅሶ አልተቀመጡም፣ ተዝካርም አላወጡም። ሬሳውን ሳላይ ልጄን አልቀብርም ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አስቸግረዋል አሉ።

«ውሰደው፤ ሲሠራ ግን ጥራኝ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

በበሬ አስጎትቼ አስገባሁት። ክረምቱን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ፣ እኔ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ ዝገት ስፍቅ ከረምኩ። እያንዳንዱን ብሎን ፈትቼ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፍኩ። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ትንሽ መስቀልና ከጎኑ ጭረቶች ነበሩ፤ አራት ይሁኑ አምስት ልብ አላልኩም። ባለሙያ ነኝ ባይ ደግሞ ጭረት አይወድም። ሞረድኩት፣ በስቱኮ ደፈንኩት፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። እንዴት ኮርቼ እንደነበር!

መስከረም ላይ ከውሃ መሳቢያ በተረፈ ሞተር አስነሣሁትና ኦቦ ቶሎሳን ጠራሁ። ጭኮ በቅል ይዘው መጡ። ድምፁን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሳጠፋው ተጠግተው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ እስከ ጫፍ ሄዱ፣ ተመለሱ።

«ኢልማ ኮ የቀረጸው የታለ? ልጄ የቀረጸው?»

ያኔ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት!

«አለ፣ ኦቦ፤ ቀለም ሸፍኖት ነው። የዛሬ ሳምንት ይምጡ፣ አወጣዋለሁ» አልኩ።

መሮ ይዤ መስቀሉን ቀረጽኩ፤ ጭረቱን አምስት አደረግኩት። ያረጀ እንዲመስል ጥላሸትና ዘይት አሸሁበት። በጠራራ ፀሐይ ከኋላዬ ሰው የቆመ እየመሰለኝ ደጋግሜ እዞር ነበር።

መጡ። ዳሰሱት። እያንዳንዱን ጭረት በጥፍራቸው ለኩ።

«የለሚ እጅ እንዲህ አይከብድም» አሉ፣ ሳይቆጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጋቢያቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ቆሙና፣ «የእጁ ምልክትም ጠፋ፤ ለልጄ ተዝካር ላወጣ ነው። አንተም ትመጣለህ» አሉኝ።

ሄድኩ። ቄሱ የክርስትና ስሙን ሲጠሩ ኦቦ ቶሎሳ ጮኸው አለቀሱ። ጎረቤቶቻቸው ምን እንዳደረግኩ አያውቁም። «እሺ ያሰኘሃቸው አንተ ነህ አሉ፤ እግዜር ይስጥህ» እያሉ አጎረሱኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ እንባና ወጥ አብሬ ዋጥኩ።

ማሽኑን ዳግመኛ አላስነሣሁትም። ሽማግሌውን አሳርፌያቸው ይሁን ተስፋቸውን ነጥቄያቸው ዛሬም አላውቅም። ለሚን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ግን ኦቦ ቶሎሳ ካረፉ ወዲህ በየዓመቱ የክርስትና ስሙን ለቄስ ሰጥቼ አስጠራለሁ። ልጆቼ ማን ነው ሲሉኝ ዘመዴ ነው እላለሁ። የቀበርኩት እኔ ነኝና።