የባለርስቱ መቃብር ዛሬ ሲከፈት

«አትክፈቱት!» ብሎ ከሰው መሃል የጮኸው አያቴ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወናጎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነን። ሕንፃው ሊሰፋ ስለሆነ በጃንሆይ ዘመን የሞቱት ባለርስት አፅም ይነሳል ተብሎ፣ ሣጥን የሚመስለውን የድንጋይ መቃብራቸውን ጎረምሶች በዲጅኖ እየከፈቱ ነው። (አያቴ ጴንጤ ነው፤ እዚያ ግቢ ሲገባ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው!)

የድንጋዩ ክዳን ሲንሸራተት ሁላችንም ወደ ኋላ አፈገፈግን።

አፅም የለም። ውስጡ ያለው የተጠቀለለ ገመድ ብቻ ነው።

ቄሱ ወደ አያቴ ዞሩ። «አባባ፣ ይሄን ያውቁታል?»

አያቴ ወደ መቃብሩ ቀረብ አለ። «ሰውየው ከሥር መሬት ውስጥ ነው የተቀበረው። ሣጥኑን የገነባነው እኛ ጭሰኞቹ ነን። ገመዱ መሬት የሚለኩበት ቀላድ ነው። የሰውየው ልጅ መሬቱን ለክቶ ቡናችንን ሊወስድብን ሲመጣ እንዳያገኘው ሰርቄ እዚህ ከተትኩት። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«ታዲያ መለካቱ ቀረ?» አልኩት።

«የት ይቀራል! በሳምንቱ ሌላ ገመድ ይዘው መጡ።»

ገመዱን ትንሽ አየት አደረገው።

«ያቺን ሳምንት ግን ቡናችንን የራሳችን ብለን ለቀምን።»

እናንተስ ቤት ያሉት ሽማግሌ ምን ደብቀዋል? እስቲ ንገሩኝ። ካልጠየቃችኋቸው ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።