በፕላስተር የታሸገው ቁልፍ

የምስራች! አስሩም በየቦታቸው አሉ። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተቀጠፈም፣ ጥፍር እንኳ አልተነቀለም። የምን አስር ትሉኝ ይሆናል። የጣት ነዋ! የማን ጣት እንደሆነ ግን ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ፤ ምክንያቱም ታሪኩ የባለጣቷ ሳይሆን የአክስቷ ነው።

አክስትየው በአንድ ጫማ ፋብሪካ የቆረጣ ክፍል ጽዳት ሠራተኛ ናት። አስራ አንድ ዓመት ጠርጋለች፣ ወልውላለች። በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «እትዬ ለምን» ነው የሚሏት። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣን ሰው «ይሄ ነገር ለምን ይሽከረከራል?» ብላ ግማሽ ሰዓት ያቆመች ሴት ናት። አንድ ጊዜ ሐኪም መርፌ ሊወጋት ሲል «ለምን በዚህ በኩል?» ብትለው፣ አስቦ አስቦ «እኔም እንጃ» አላት ይባላል።

ከሟች እህቷ የተረከበቻት አንዲት ልጅ አለቻት። ልጅቱ በዚያው ፋብሪካ ሙጫ ስትቀባ ቆይታ ባለፈው ወር ወደ መቁረጫ ማሽን ተዛወረች። እድገት ነው፤ ቤቱ ደስታ በደስታ ሆነ። አክስትየው ግን ደስታዋን በግማሽ ዋጠችው፤ ወንበሩ ለምን ክፍት እንደሆነ ታውቃለቻ! ከልጅቱ በፊት የነበረው ጎረምሳ ሁለት ጣቱን እዚያ ማሽን ላይ ትቶ ነው የሄደው። ወረቀቱ ላይ «በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ። ደሙን የወለወለችው እሷ ናት።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ዓይነት አራት ማሽኖች አሉ፤ አሠራራቸው ቀላል ነው። ቆዳው ጠረጴዛው ላይ ይነጠፋል፣ በሶል ቅርጽ የተሠራው ስለት ከላዩ ይቀመጣል፣ በቀኝ በኩል ያለው አረንጓዴ ቁልፍ ሲጫኑት ከባዱ ብረት ዱብ ይላል። በግራ በኩል ደግሞ ፕላስተር በፕላስተር ላይ የተጠቀለለበት፣ እድፍ ያጠቆረው አንድ ጉብ ያለ ነገር አለ። እትዬ ለምን ይህን ጉብታ አስራ አንድ ዓመት ስትወለውለው የማሽኑ ኪንታሮት ይመስላት ነበር። ልጅቱ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች ወዲህ ግን ነገሩ ይከነክናት ጀመር።

«ይሄ ምንድነው?» አለችው ፎርማኑን።

«ለግራኝ የተሠራ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ግራኝ የለም።»

«አራቱም ማሽን ላይ አለኮ! አራት ግራኝ ሊቀጠር ነበር?»

«እትዬ፣ መጥረጊያሽ እየጠበቀሽ ነው።»

መካኒኩን ጠየቀችው። መካኒኩ «ዶክተር» ይባላል፤ የሞተ ማሽን ያስነሳል፣ ከዚያ መልሶ ይገድለዋል። «መጠባበቂያ ነው፤ ቀኙ ሲበላሽ በግራው ነው» አላት።

«ታዲያ መጠባበቂያ ለምን አፉ ይታሸጋል?»

ዶክተር ራሱን አከከ። «እኔም ስመጣ ታሽጎ ነው ያገኘሁት።»

ሰዉ ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ልጅቱን ክንዷን ይዛ አስቀረቻት።

«አክስቴ፣ በናትሽ አታሳፍሪኝ! ገና ሳምንት አልሞላኝም።»

«ዝም በይና ምላጩን አቀብዪኝ።»

ፕላስተሩን እንደ ሽንኩርት ላጠችው። ከስሩ በቁራጭ ቆዳ ተጨቁኖ የኖረ አረንጓዴ ቁልፍ ብቅ አለ፤ ቁርጥ የቀኙ መንታ! ቆዳው ሲነሳለት ቁልፉ ቀጭ ብሎ ቀና አለ።

«በይ ቀኙን ተጫኚ።»

ተጫነች። ማሽኑ ጭጭ።

«አበላሸሽው! ጉዴ ፈላ!»

«ግራውን።»

ጭጭ።

«ሁለቱንም ባንዴ።»

ዱብ!

ተያዩ። የልጅቱ አንዱ እጅ ወዲያ፣ ሌላው ወዲህ፣ ሁለቱም ከብረቱ ርቀው ነበር። እትዬ ለምን በሳቅ ፈነዳች። «አየሽ! ይሄ ብረት ‹ሁለቱም እጆችሽ የት እንዳሉ ሳላውቅ አልወርድም› ነው የሚለው! የሠራው ሰው እንዴት ያለ አሳቢ ነው! ታዲያ ለምን አሸጉት?»

መልሱን ፎርማኑ ከምሳ ሲመለስ ነገራት። ግራ እጅ ነጻ ከሆነ ቆዳውን እየያዘ ያስተካክላል፣ ሥራው ይፈጥናል። «በሁለት እጅ ከተጫኑ ከአስር ሶል ሦስቱ ይጎድልብኛል» አለና መልሶ አሸገው። በማግስቱ ላጠችው። አሸገው። በሦስተኛው ቀን «አሁንም ብትነኪው ልጅቷን ነው ወደ ቤት የምሸኛት» አላት።

እትዬ ለምን ምላጩን መልሳ ኪሷ ከተተችው። ልጅቱ ሥራዋን ትጣ ወይስ ጣቷን?

ሐሙስ ዕለት የደህንነት ተቆጣጣሪው መጣ። ይህ ሰው በዓመት አንዴ ነው ብቅ የሚለው፤ ልማዱም የታወቀ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ቁጭ ብሎ ወረቀቱ ላይ «ተሟልቷል፣ ተሟልቷል» ይሞላል፣ ይፈርማል፣ ከዚያ የጫማ ካርቶን ብብቱ ስር ሸጉጦ ይወጣል። ቆረጣ ክፍልን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ያን ዕለትም ካርቶኑን ሸጉጦ ሲወጣ እትዬ ለምን ኮሪደሩን ስትወለውል ነበር።

«ጌታዬ፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ እንዳያዳልጥዎ። በዚህ በኩል ይለፉ።»

በዚህ በኩል ያለው ቆረጣ ክፍል ነዋ!

«እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እኔን አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። እስቲ አንዲት ሶል ይቁረጡልኝ?»

ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን አቁሞ አፈጠጠ። ተቆጣጣሪው ፈገግ ብሎ ካርቶኑን አስቀመጠ። ልጅቱ ተነሳችለት። ስለቱን ቆዳው ላይ ሲያደርግ ቆዳው ተንሸራተተ፤ እንደማንኛውም ሰው በግራ እጁ ያዝ አደረገውና ቀኝ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«ቆይ!» አለች እትዬ ለምን። «ግራ እጅዎ የት ነው ያለው?»

ጎንበስ ብሎ አየ። ግራ እጁ ብረቱ ስር ተጋድሟል። እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበው።

«ይሄ ማሽን... ሁለተኛ ቁልፍ ሊኖረው ይገባል» አለ።

«አለው እንጂ! እኔስ ለምን ታሸገ ብዬ አይደል የማደክምዎት!»

ፎርማኑ እየሮጠ ደረሰ። «ሥራ እየተበደለ ነው! አንቺ፣ ተቀመጪ!» አላት ልጅቱን።

ልጅቱ አክስቷን አየች። ወንበሩን አየች። «ቁልፉ ካልተከፈተ አልቀመጥም» አለች። እግሯም ንቅንቅ አላለም። ይህን ጊዜ አጠገቧ ያለው ሽማግሌ ቆራጭ «እኔንም ወገቤን ያዘኝ» ብሎ ተነሳ። ቀጥሎ ያለችውም ተነሳች። የሁሉም ወገብ ባንዴ ታመመ!

ተቆጣጣሪው የፈረመበትን ወረቀት ከቦርሳው አወጣ፣ ትንሽ አየው፣ ከላይ እስከ ታች ሰረዘው። «ቁልፉ እስኪከፈት አራቱም ማሽኖች ይቁሙ። ነገ ጠዋት መጥቼ ራሴ አያለሁ። እሷንም እዚሁ ወንበር ላይ ላገኛት እፈልጋለሁ።»

«ጌታዬ፣ ካርቶንዎ!» ብላ ጠራችው እትዬ ለምን።

«የኔ አይደለም» አለ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

«ታዲያ ለምን—»

«አክስቴ!» አለች ልጅቱ።

ዶክተር በዚያው ከሰዓት አራቱንም ላጣቸው። ተቆጣጣሪውም ቃሉን አልበላም፤ ዓርብ ጠዋት መጥቶ አንድ በአንድ ሞከራቸው። ልጅቱ ይኸው ወሩን ሙሉ በሁለት እጇ እየተጫነች ትቆርጣለች። ፎርማኑ እስካሁን እትዬ ለምንን ያኮርፋታል፤ እሷ ደግሞ ለምን እንደሚያኮርፍ ልትጠይቀው ምቹ ሰዓት እየፈለገች ነው። አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል።

ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ብዙ ላወራችሁ በፈለግኩ ነበር፣ ግን የአጎቴ ልጅ እንጨት ቤት ውስጥ የመጋዙ መከለያ ወልቆ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ አሁን ትዝ አለኝ፤ ኮፍያቸውን ያንጠለጥሉበታል! ሥራ ሳይጀምሩ ልድረስባቸው። ጫማዬን የት አደረግኩት?