የሰሚራ ረጅም ሶላት

የአክስቴ ልጅ ሰሚራ በፈረንጆቹ 1999 ከእንግሊዝኛ ትምህርቴ አስቀረችኝ። እሷ ለዓመታት ረስታው ኖራ ይሆናል፤ እኔ ግን በረኪና በሸተተኝ ቁጥር፣ ዛሬ ጠዋት ወለል ሳጥብ እንኳ፣ ጅቡቲ፣ ቡላኦስ ሰፈር የነበረው የአክስቴ ግቢ ከነእቃ ማጠቢያ ሳፋው ፊቴ ድቅን ይላል።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከድሬዳዋ ያመጣችኝ አክስቴ ፎዚያ የቤቱን ሥራ ለሰሚራና ለእኔ እኩል አካፍላን ነበር። ታዲያ ምሳ ተበልቶ፣ ጫቱ መጥቶ፣ እንግዳው ፍራሽ ላይ ጋደም ሲልና ቅባት የጠጣው የሩዝ ትሪ ሳፋው ውስጥ ሲቆለል፣ ሰሚራ ለሶላት ታጥባ፣ ዉዱእ አድርጋ መስገጃዋን ትዘረጋለች። እኔ ሰግጄ ስነሳ የእሷ የቀትር ዙሁር ከአስር ሶላት ጋር ሊገናኝ ምንም አይቀረው። የሚሰግድን ሰው ደግሞ ማን ተነሽ ይላል? በአንድ ዓይኗ ሳፋውን ስታይ ግን ደርሼባታለሁ።

አመሻሽ ላይ ሁለታችንም ካርትዬ 2 በሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ እንማራለን። እኔ ፊት ወንበር ላይ ነኝ፤ ቋንቋውን ከቻልኩ ቢሮ እገባለሁ፣ ከሳፋው እገላገላለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። አንድ ቀን መምህራችን ጋሽ ግርማ ሰሌዳው ላይ «ጌት አውት ኦፍ» ብለው ጻፉ። ከመኪና መውረድ ብቻ አይደለም፣ መሥራት ካለብን ሥራ ሰበብ ፈጥሮ ማምለጥም ነው አሉና ከኑሯችን ምሳሌ ጠየቁ። እጄን አወጣሁ። ሰሚራ በሶላት እያሳበበች ከእቃ ማጠብ ታመልጣለች አልኩ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ጋሽ ግርማ እንኳ ጠመኔያቸውን ጣሉ።

ሰሚራ ቀድማኝ ቤት ደረሰች። «በሶላቴ አሳቀችብኝ» ብቻ ነበር ለእናቷ ያለቻት፤ ስለ ሳፋው ትንፍሽ አላለችም።

«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ!» አለች አክስቴ። «አንቺ፣ ለዚህ ነው የማስተምርሽ? ከነገ ጀምሮ እንግሊዝኛሽ እዚህ ሳፋ ውስጥ ነው።»

እንግሊዝኛዬ ስድስት ዓመት እዚያው ነበር። ጥፍሬን በረኪና በላው፤ እሱስ ይሁን። ተመልሳ ያልመጣችው ያቺ መልሱን አውቃ እጇን ለማውጣት የምትቸኩል ልጅ ናት። ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት ተጠይቄም ቶሎ አልናገርም።

ከአክስቴ ቤት ወጥቼ ሆቴል ጽዳት ተቀጠርኩ። በራሴ ደመወዝ እንግሊዝኛ ተመዘገብኩ፣ ጨረስኩ፣ ቢሮ ገባሁ። በፈረንጆቹ 2016 ሰሚራ ልጇን ይዛ ደጃፌ ላይ ቆመች።

«እህትዬ፣ መቼም ሥጋ ነን፣ ይቺን ልጅ እንግሊዝኛ አስጠኚልኝ።»

እምቢ አላልኩም። እሷንም ከልጇ አጠገብ አስቀመጥኳት። «ጌት አውት ኦፍ» ብዬ ጻፍኩ። ትርጉሙን አስረዳሁ። ያንኑ ምሳሌ ሰጠሁ።