ባርኔጣው ያሳለፈው ሰላምታ

ናፍጣ በሸተተኝ ቁጥር አውራ ጣቴ ሳላዘው ወደ አፍንጫዬ ይሄዳል። አትሳቁ፤ የተማርኩት ከፊልም ነው፣ ያውም እዚሁ አቃቂ፣ ባቡር ጣቢያው መጋዘን ውስጥ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የመጋዘኑ በር ይዘጋና፣ ጆንያ ላይ ተደርድረን ያረጁ የአሜሪካ ፊልሞች እናይ ነበር። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ አቧራውን ያበራዋል። ከፊልም ማሳያው ማሽን አጠገብ የጣቢያው ዘበኛ ባርኔጣቸውን ይዘው ይቆማሉ። ወንድና ሴት ከንፈር ለከንፈር ሊገናኙ ሲሉ ባርኔጣውን መብራቱ ፊት ድቅን ያደርጉታል። ፊልሙ የሚታይበት አንሶላ ይጨልማል፣ እኛ እንጮሃለን።

"ዝም በሉ! ነውር ነው!" ይሉናል።

አንድ እሁድ ታዲያ አንዲት ቀጭን ተዋናይት አውራ ጣቷን አፍንጫዋ ላይ ተክላ፣ አራቱን ጣቶቿን በአንድ ወፍራም ፖሊስ ላይ አርገበገበችበት። ባርኔጣው ንቅንቅ አላለም። እሳቸው ካሳለፉት ደህና ነገር ነው ብለን፣ በማግስቱ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሰላምታችን እሱ ሆነ።

እኔ ለአባቴ አስተማርኩት። አባቴ ባቡር ነጂ ነበር። ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ሀዲዱ ዳር ቆሜ አርገበግብለታለሁ፤ እሱም ከመስኮቱ ብቅ ብሎ በዘይት በጠቆረ እጁ ይመልስልኛል። እንዲህ ያለ አባት የነበራት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝም።

አንድ ቀን የምድር ባቡሩ ፈረንጅ ተቆጣጣሪ ፉርጎው ውስጥ ኖሮ አየኝ። አባቴ ሲመለስ እሱም፣ እኔም፣ ዘበኛውም ተጠራን። ተቆጣጣሪው ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ በተሰባበረ አማርኛ "ስድብ ነው! ትልቅ ስድብ!" አለ።

ዘበኛው ጭራሽ አላመኑም። "ጌታዬ፣ ነውሩን ሁሉ በዚህ ባርኔጣ ከልያለሁ። ይሄ ነውር ቢሆን መች ያመልጠኝ ነበር?"

አባቴ ግን "ያስተማርኳት እኔ ነኝ" አለ። ለእኔ ሲል ዋሸ። ሁለተኛ እንዲህ ሲያደርግ ከታየ ከባቡር ነጂነቱ እንደሚወርድ ተነገረው።

በሳምንቱ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ሀዲዱ ዳር ቆምኩ። መጀመሪያ ናፍጣው ሸተተኝ፣ ከዚያ ባቡሩ መጣ። አባቴ ከመስኮቱ ብቅ አለ፤ ወደ ፉርጎዎቹ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ አውራ ጣቱን አፍንጫው ላይ አደረገ። አርገበገበልኝ። እንድመልስለት ጠበቀኝ። እንጀራው እንዳይቋረጥ ብዬ እጄን አላነሳሁም። እሱ ግን ባቡሩ እስኪታጠፍ ድረስ እጁን አላወረደም። ከዚያ ወዲህ ጡሩምባ ብቻ ነበር የሚያሰማኝ።

ዛሬ የድሮው ሀዲድ ሳር በቅሎበታል፣ አባቴም ካረፈ ብዙ ዘመኑ ነው። ሰሞኑን ከቱሉ ዲምቱ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ናፍጣውን አጨሰው። ወራጅ አልኩና ሀዲዱ ዳር ሄጄ አውራ ጣቴን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁ።

አንድ ጎረምሳ ሲያልፍ አይቶኝ ሳቀ። "እማማ፣ ማንን ነው እንዲህ የሚሉት?"

"አባቴን" አልኩት። እጄን ቶሎ አላወረድኩም።