አንድ ካቴና ለሦስት ሰው

«ሁለት ብያለሁ፣ ሁለት ነው!» አለ ፖሊሱ፣ በሩን በእግሩ ደግፎ።

«የሦስታችንም የፍርድ ቤት ቀጠሮ ዛሬ ነው» አልኩት።

«ካቴናዬ አንድ ነው። አጃቢውም እኔው ነኝ። ቅጣቱን አከበዱት እንጂ ሰው አልጨመሩልኝ፤ ምን ላድርግ?»

«እኔ ቀጭን ነኝ፤ ለእኔና ለእሱ አንዱ ቀለበት ይበቃናል» አለ ከደሴ ለትምህርት የመጣው ተማሪ።

ፖሊሱ ሊስቅ ብሎ ተወው።

የምርጫ ማጭበርበር ሕጉ ከጠበቀ ወዲህ፣ ድሮ በተግሣጽ የሚሸኘው ሁሉ ዲላ ጣቢያ ወደዚያች ጠባብ የእስር ክፍል ይመጣ ነበር። በጎን ነው የምንተኛው፤ አንዱ ሲገላበጥ እንደ ስጥ ቡና ሁላችንም እንገላበጣለን።

በምርጫው ቀን እኛ አገር፣ ወርቃ ላይ፣ ዝናብ ነበር። የሰፈራችን አሮጊቶች ጭቃ ላይ እንዳይቆሙ ብዬ ካርዳቸውን በፌስታል ሰብስቤ ወረፋ ያዝኩላቸው። ለማዳበሪያም ለስኳርም እንዲሁ ነው የምናደርገው። ከነፌስታሉ ተያዝኩ። ተማሪው እዚህም አገሩም ለመምረጥ ተመዝግቦ ተገኘ። ሦስተኛው ሬኮ ከሚባል መንደር የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታቸው በድምፅ መስጫው ላይ ምልክት አድርገውለት የተያዙ።

ያን ቀን ችሎት ያልቀረበ ሰው ተለዋጭ ቀጠሮው ከቡና ለቀማ በኋላ ነበር። የእኛ ቡና ደግሞ ቀልቶ ነበር።

ሽማግሌው ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ኮታቸውን አወለቁ።

«እናትህ ከማን ጋር ትለቅማለች?»

«ብቻዋን ናት፣ አባባ።»

«የእኔን ልጆቼ ይለቅሙታል። ይህ ተማሪም ፈተና አለበት። እንካ ልበስ፤ ዳኛ ፊት በዚህ ሹራብ አይቆምም።»

«እርስዎስ?»

«በአገራችን ሸንጎ፣ በሶንጎ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ የሰው ጉዳይ እስኪያልቅ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። የራሴን መጠበቅ ያቅተኛል?»

ፖሊሱ ኮቱን ለብሼ እስክጨርስ ካቴናውን ይዞ ጠበቀኝ። እጅጌው አጠረኝ። ጭስ ጭስ ይላል።

አሁን በዋስ ውጭ ነኝ። በየሰኞው ጣቢያ ሄጄ እፈርማለሁ። የሚያስፈርመኝ ያው ፖሊስ ነው፤ አሁንም ብቻውን። ወረፋው እስከ አጥሩ ይደርሳል፤ እሱ ግን ደክሞትም «እናትህ ደህና ናት?» ሳይለኝ አያልፍም። ያን ዓመት ቡናችንን እኔና እናቴ ለቀምነው። ሽማግሌው የተፈቱት ለቀማው ካለቀ በኋላ ነው። ኮታቸውን ልመልስ ሬኮ ስሄድ ግጥም ጽፌላቸው ነበር፤ መንገድ ላይ ደግሜ ሳነበው ኮቱ ከግጥሙ ይሞቅ ነበርና ኪሴ ውስጥ ተውኩት። ጉልበታቸውን ስሜ «አመሰግናለሁ» ብቻ አልኩ።

ያን የቀጠሮ ጠዋት ግን ከተማሪው ጋር በአንዱ ካቴና ተቆላልፈን ወጣን። ሽማግሌው በሸሚዛቸው በሩ ሥር ቆመው ነበር።

«አታቀርቅሩ» አሉን። «ቀና ብላችሁ ሂዱ።»

ቀና ብለን ሄድን። ፖሊሱ ከኋላችን በሩን በእጁ ያዘና ቀስ አድርጎ ዘጋው።