ወተት የመረረበት ዘመን

ባለፈው ሳምንት ከወልድያ ወደ ቆቦ ስመለስ ሚኒባሱ ሮቢት ሳይደርስ ጎማው ተነፈሰና ወርደን ቆምን። ሹፌሩ ክሪክ ሊያስገባ ሲንበረከክ ከመንገዱ ዳር የበቀለውን ለምለም ነገር በጉልበቱ ጨፈለቀው። ያኔ ሽታው መጣ፤ እርጥብ፣ መራራ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ። አጠገቤ የቆመች ልጅ ከነጫጭ አበቦቹ ቀጥፋ አሸተተችና ወረወረችው። እኔ በሻርፔ አፍንጫዬን ሸፍኜ ወደ አስፋልቱ ማዶ ተሻገርኩ። ቅንጭ አረም ይሉታል። እኔ ግን የዚያን አረም ከሽታው ይበልጥ ጣዕሙን ነው የማስታውሰው።

ቤታችን ከቆቦ ከተማ ወደ ምሥራቅ፣ ሜዳው ላይ ነበር። አባቴ ማሽላና ጤፍ ያርሳል፤ ልቡ ግን ያለው ከብቶቹ ጋ ነበር። ክረምት ገብቶ ጎርፉ ከተራራው ሲወርድ ግጦሹ ሰርዶ ይለብሳል። ማለዳ ስናቋርጠው ጤዛው ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት ያረጥበዋል፤ ድርጭቶች ከእግራችን ሥር ብር ብለው ይነሳሉ። ሣሩ ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ አሁንም አልፎ አልፎ በሕልሜ ይመጣል።

እናቴ ወተት ትሸጥ ነበር። ቅሏን አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጠዋት ጠዋት ከተማ ሻይ ቤት ላላት ደንበኛዋ ትወስዳለች። ሴትየዋ «ያንቺ ወተት ሲፈላ ሽታው ራሱ ከመንገድ ሰው ይጠራልኛል» ትላት ነበር። እናቴ ብዙ የምትኮራ ሴት አልነበረችም። በወተቷ ግን ትኮራ ነበር።

አረሙን መጀመሪያ ያየነው በአውራ ጎዳናው ዳር ነው። ከእርዳታ ስንዴ ጋር መጣ የሚሉ ነበሩ፤ የከባድ መኪና ጎማ አመጣው የሚሉም ነበሩ። ዝናብ ሲጠፋ እንኳ አረንጓዴ ሆኖ፣ በነጭ አበባ ተጠቃጥቆ ይቆማል። ታላቅ እህቴ አንድ የኢድ ዋዜማ እቅፍ ሙሉ ቆርጣ አመጣችና በራችን ላይ ሰካችው። አማረልን።

ከዚያ በልጉ ይቀር ጀመር። ክረምቱም ዘግይቶ ይመጣና ቸኩሎ ይወጣል። ሰርዶው እየሳሳ ባዶ መሬት በተወ ቁጥር አረሙ ቦታውን ይይዛል። መጀመሪያ መንገዱን ተሻገረ፤ ቀጥሎ ከግጦሹ ጠርዝ ገባ፤ ከዚያ ማሽላው ውስጥ አገኘነው። ከብቶቹ ዞረው ያልፉት ነበር። ሌላ የሚበላ ሲያጡ ግን ቀመሱት።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤቴ ከተማ ስለነበር ጠዋት ከእናቴ ጋር አብረን እንወጣለን። ያን ቀን ሻይ ቤቱ ውስጥ ሹፌሮች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው ከወተቱ ጎንጨት አለና መሬት ላይ ተፋው።

«ምን ጨምራችሁበት ነው?»

ባለቤቷ ከብርጭቆው ቀመሰች። ፊቷ ተኮማተረ።

«እትየ፣ ምን አደረግሽበት?»

«ወላሂ! ምንም አልገባበትም።»

«እኔ እኮ አንቺን አምኜ ነው ሳልቀምስ የምቀዳው።»

እናቴ ቅሏን አንስታ እዚያው፣ ወንዶቹ ሁሉ እያዩ፣ ጠጣችላቸው። ሰው ፊት ስትጠጣ አይቻት አላውቅም። ዋጠችውና ቅሏን ከድና ወጣች። መንገድ ላይ «ቅመሺው እስቲ» አለችኝ። እሬት ነበር። ከትምህርት ቤት እስክመለስ ምላሴ ላይ ቆየ።

ማታ ለአባቴ የነገረችው ጀርባዋን ሰጥታ ነው። «አጭበርባሪ ተባልኩ» አለች። አባቴ በማግሥቱ ከብቶቹን ራሱ ተከተለ፤ የበሉትን እያየ ዋለ። ሲመለስ በእጁ የዚያን አረም ቅጠል ይዞ ነበር። ከንፈሩ አረንጓዴ ሆኗል።

«አኘኩት» አለ። «እሱ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አባቴ ሌላ ሥራ አልነበረውም ማለት ይቻላል። አረሙን መንቀል ሆነ ሥራው። ጎረቤቶች አብረውት ወጡ፤ እኔና እህቴም ወጣን። የግብርና ባለሙያው መጥቶ «ሳያብብ ንቀሉት፤ በባዶ እጅ ግን አትንኩት» አለን። ጓንት የነበረው ሰው አልነበረም። የነቀልንበት ቦታ ዝናብ ሲነካው እንደ አዲስ ይበቅላል። ሰዉ ቀስ በቀስ ተወው። አንዱ ጎረቤታችን ቤቱን ዘግቶ ወደ ዋጃ ዘመዶቹ ጋ ሄደ፤ ልጆቹ በአፋር በረሃ አቋርጠው ወደ ዓረብ አገር ወጡ። ድርጭቶቹ መቼ እንደጠፉ አላስታውስም። አንድ ማለዳ ሜዳውን ሳቋርጥ ምንም አልተነሳም፤ ያኔ ነው ልብ ያልኩት።

የአባቴ እጅ ቆዳው ተሰነጣጠቀ፤ ዓይኑ ሥር አበጠ። እናቴ ቅቤ ትቀባዋለች፤ ቅቤውም ይመር ነበር። ከዚያ ትንፋሹ ያጥር ጀመር። አረሙ ባበበ ቁጥር ደረቱ እንደ ወናፍ ይጮሃል። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሐኪሙ አስም ነው አለና መድኃኒት ሰጠው፤ «ከዚህ አረም መራቅ አለብዎት» አለው።

አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ግቢው ውስጥ፣ ከአጥሩ ሥር፣ በቅሎ ነበር።

«ወዴት ልራቅ?» አለ። ሐኪሙን እየተቆጣው አልነበረም። እንዲነግረው ፈልጎ ነው የጠየቀው።

በዚያ ዓመት አጎቴ ሣር ይገኛል ሲሉት ከብቶቻችንን ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ ነዳቸው። እዚያም ዝናቡ አልጣለም። ገሚሶቹ መንገድ ላይ ቀሩ፤ መቆም የቻሉትን አጎቴ ዋጋ ሳይከራከር ሸጦ ብቻውን፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ተመለሰ። አባቴ ያኔ ከአልጋ አይነሳም ነበር። አጎቴ የሆነውን ለእናቴ ደጅ ላይ በሹክሹክታ ነገራትና ሳይገባ ሄደ።

በማግሥቱ ይመስለኛል፤ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ብርሃኑ በግድግዳው ስንጥቅ ቀይ ሆኖ ገብቶ የአባቴ ብርድ ልብስ ላይ ተኝቶ ነበር። እኔ ከራስጌው ተቀምጫለሁ። ከትንፋሹ መሐል ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣቸው።

«ከብቶቹ ገቡ?»

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ገብተዋል» አለችው።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አልሃምዱሊላህ።»

ዓይኑን ከደነ። እናቴ ጥቂት ቆማ አየችውና ወጣች። ከዚያ ከደጅ የበረቱን መዝጊያ አጠናዎች አንድ በአንድ ስታስገባ ሰማኋት፤ እንጨቱን ከእንጨት ጠንከር አድርጋ እያጋጨች፣ እንዲሰማው።